ከጅዳ የመጣ የሻይ ቅጠል

ወደ ግሸን ደብረ ከርቤ ለመስከረም 21 ቀን በዓል የሚወጣ እንግዳ፣ አቀበቱን ጨርሶ በማረፊያው ቤት ሲቀመጥ ከጸሎት ቀጥሎ የሚናፍቀው ትኩስ ነገር ነው። የደጋው ብርድ አጥንት ይሰብራልና። እኔም በእንግዳ ቅበላ አገልግሎት ብዙ ዘመን ስለ ቈየሁ፣ ምእመናን ከየአገሩ የሚያመጡትን ልዩ ልዩ ሻይ ቀምሻለሁ። ዛሬ ግን የምጽፈው ከጅዳ ስለ መጣ የሻይ ቅጠልና በእርሱ ምክንያት ስለ ተገለጠልኝ በደሌ ነው።

የእኅቴ ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ጅዳ የሄደችው በ19 ዓመቷ ነበር። የወሎ ልጆች ለእንጀራ ሲሉ ቀይ ባሕርን መሻገራቸውን አንባቢ ያውቃል። ደላላው «ሥራ ቶሎ እንዲገኝልሽ» ብሎ በወረቀቷ ላይ የሙስሊም ስም አስጻፈላት። ይህን በሰማሁ ጊዜ አዘንሁ፤ ሐዘኔም ወደ ቍጣ ተለወጠ። ደብዳቤዋ ሁለት ጊዜ ደረሰኝ፤ ሁለቱንም ጊዜ መልስ ሳልሰጥ ቀረሁ። «ስሟን የለወጠች ልጅ ከእኔ ጋር ምን ነገር አላት» አልሁ።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ አገር ሰዎች ባስወጣ ጊዜ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 የሚበልጡ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ፈቃዷ አልቆ ስለ ነበር እርሷም ከእነርሱ ጋር መጣች። በተከታዩ መስከረም ለበዓሉ ወደ ግሸን ወጥታ መስቀል ከተሳለመች በኋላ፣ አንድ የተሳለ ቆርቆሮና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ከፊቴ አኖረች። ያን ዕለት ማታ ለአበውና ለእንግዶች ሦስት ዓይነት ሻይ አፈላችልን።

የመጀመሪያው የቆርቆሮው ነበር። በፋብሪካ የጽጌረዳ መዓዛ የተጨመረበት ነውና ክዳኑ ሲከፈት ቤቱ ሽቱ የተረጨበት መሰለ። ሁሉም አደነቀው። ነገር ግን ብርጭቆው ሲቀዘቅዝ መዓዛው ተነሥቶ ሄደ፤ በአፍ የቀረውም ገለባ የነከሩበት ውኃ ይመስል ነበር።

ሁለተኛው የአገራችን፣ ከከፋ የመጣው የውሽውሽ ሻይ ነው፤ እንደ ልማዳችን ቀረፋና ቅርንፉድ ገብቶበታል። ደረትን ያሞቃል፤ የእናት ቤትንም ያስታውሳል። ሆኖም እውነቱን ለመናገር እኛ ሻይ የምንለው እኩሌታው ቅመም ስለ ሆነ፣ ቅጠሉ ራሱ ምን እንደሚል ለመስማት ያስቸግራል።

ሦስተኛውን ከቋጠሮው አወጣችው። ምንም ያልተጨመረበት የሴሎን ጥቁር ቅጠል ነበር፤ ከእርሱም ጋር የደረቀ የጽጌረዳ እምቡጥ አለ። ውኃውን አፍልታ ከእሳት አወረደችና ቅጠሉን፣ ቀጥሎም ሁለት እምቡጥ ጨምራ ጥቂት ደቂቃ ከደነችው፤ ቅጠል በእሳት ላይ ሲንተከተክ ይመርራልና። መዓዛው ጥቂት ነው። በመጀመሪያ የቅጠሉ ጣዕም ይመጣል፤ ጽጌረዳው ከዋጡት በኋላ ይሰማል፤ ሲቀዘቅዝም አይለይም። ከእኛ ጋር የተቀመጡ አንድ አረጋዊ መነኵሴ «ይህኛው አይጮኽም» አሉ።

«ልጄ፣ ይህን ከወዴት አገኘሽው?» ብዬ ጠየቅኋት። እርሷም እንዲህ ስትል አጫወተችን። የዚያ አገር ሰው ቅጠሉን ከውጭ ያስመጣል እንጂ አያበቅልም፤ የራሱ የሆነው ናናው፣ ጽጌረዳውና እንግዳ አክባሪነቱ ነው። አስቀድሞ ሄል ያለበትን ቡና፣ ከዚያም በትንሽ ብርጭቆ ስኳር የበዛበትን ሻይ ያቀርባል። በምታገለግልበት ቤት ወተት ያለበት ሻይ ይወደድ ነበር። ረቡዕና ዓርብ ግን እርሷ ወተት ያለበትን ትታ የናናውን ብቻ ትጠጣ ነበር። ጾሟን የጠበቀችው እንዲህ ነው፤ ማንም አላወቀባትም።

ጅዳ ከ647 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የመካ ወደብ ናት፤ በአሮጌው ከተማ ያለው በር እስከ ዛሬ «ባብ መካ» ይባላል። ከዚያ እስከ መካ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወደዚያች ከተማ መግባት ለሙስሊሞች ብቻ የተፈቀደ ነው። በአንድ የረመዳን ወር የቤቱ እመቤት «ከእኛ ጋር ወደ መካ ትሄጃለሽ» አለቻት። ለሙስሊም ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለምና ሴቲቱ ያሰበችላት በጎ ነገር ነበር። ልጅቱ ግን ሌሊቱን ሳትተኛ አደረች። በማግሥቱም ከጾም መፍቻ በኋላ ሻይ ስታቀርብ እንዲህ አለቻት፦ «እመቤቴ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ስሜም ይህ አይደለም። እናንተ የምታከብሩትን ስፍራ በሐሰት መርገጥ ፈራሁ።»

ሴቲቱ ምንም አልመለሰችም፤ በእጇ ያለው ሻይ እስኪቀዘቅዝ ዝም አለች። ከቤተ ሰቧም ጋር ያለ እርሷ ሄደች። ልጅቱ ልብሷን ሰብስባ «ሲመለሱ ያባርሩኛል» ብላ ጠበቀች። ሴቲቱ በሦስተኛው ቀን ተመለሰችና ከመካ ገበያ የገዛችውን ይህን እምቡጥ በእጇ አኖረችላት፤ ከመካ በላይ ባለው በጣይፍ ደጋ የለማ ጽጌረዳ ነው። «እናትሽ ማን ብላ ትጠራሻለች?» ስትልም ጠየቀቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤት ውስጥ በዚያው ስሟ ጠራቻት።

ይህን ስሰማ ብርጭቆዬን አስቀመጥሁ። በእምነት የማትመስላት ባዕድ ሴት ስሟን ጠየቀቻት፤ እኔ ግን ክርስትና ስትነሣ በስፍራው የነበርሁት አጎቷ ለሁለት ደብዳቤ መልስ ነፈግኋት። በወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም አይቼ ፈረድሁ፤ ልቧን ግን አልጠየቅሁም። በአበውና በእንግዶች ፊት «ልጄ፣ ይቅር በዪኝ» አልኋት። እርሷም ጥቂት አቀርቅራ ቈየችና «አባ፣ ሻዩ ቀዝቅዞብዎታል፤ ልጨምርልዎት» አለችኝ።

አበው ሆይ፣ እናንተም ምእመናን፣ ከዓረብ አገር የተመለሱ ልጆች ወደዚህ ማረፊያ ብዙ ጊዜ ይመጣሉ። አንዳንዶቹ በሰው አገር ስም ተጠርተው ኖረዋል፤ በዚህም ያፍራሉ። አስቀድመን ሻይ እንስጣቸው፤ ቀጥለንም እናታቸው ማን ብላ እንደምትጠራቸው እንጠይቃቸው።