ልጄ የምትለካው አይታይም

«ልጅሽ ምን ትሠራለች?» ሲሉኝ መልሱ ያስቸግረኛል። ሐኪም ናት? አይደለችም። ኢንጂነር? እሱንም አይደለችም። ታዲያ ከሆስፒታል ሆስፒታል የምትዞረው ራጅ እያነሳች ነው? ራጅም አታነሳም። ራጁ በልኩ መነሳቱን የምታጣራ ናት። ሙያው ሜዲካል ፊዚክስ ይባላል። ይህን ስም ለማኅበር ጓደኞቼ ስነግራቸው «ብቻ እንጀራ ይውጣላት» ብለው ወደ ሌላ ወሬ ያልፋሉ።

ለእኔ የገባኝ በነፍስ ኄር ባለቤቴ በኩል ነው። ፒያሳ ወርቅ ሠሪ ነበር። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ ሚዛኑን ክብደታቸው በታወቀ ትንንሽ የሚዛን ድንጋዮች ይፈትናል። ደንበኛ ቆሞ ቢጠብቀው እንኳ ሳይፈትን አይመዝንም። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የቤት ሥራዋን የምትሠራው እዚያው ባንኮኒው ጥግ ላይ ነበር። አሁን ስጠይቃት «አባዬ የሚሠራውን ነው የምሠራው፤ የእሱ ወርቅ ይታያል፣ የእኔ ግን አይታይም» ትለኛለች።

የማይታየው ጨረር ነው። (ሕጉ «ጨረራ» ይለዋል፤ እኛ ሰፈር ግን እንዲህ ብሎ የሚጠራው ሰው አላጋጠመኝም።) በአገራችን ይህን ነገር የሚመለከት አዋጅ መጀመሪያ የወጣው በ1986 ዓ.ም ሲሆን፣ በ2009 ዓ.ም ደግሞ አዲስ ወጣ። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ስሙን ሲለዋውጥ ቆይቶ ዛሬ ሥራው በኢትዮጵያ ቴክኖሎጂ ባለሥልጣን ሥር ነው። ልጄ ግን የመንግሥት ሠራተኛ አይደለችም። ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር ሆና ለሆስፒታሎችና ለክሊኒኮች ምክር ትሰጣለች፣ ትለካለች፣ ታሰላለች። ቢሯቸው ሁለት ጠባብ ክፍል ነው። እስከ 2016 ዓ.ም ፒያሳ ነበር፤ ሕንፃው ሲፈርስ ወደ አራት ኪሎ ተሻገሩ።

ከአራቱ አንዱ ጡረታ የወጡ የራጅ ባለሙያ ናቸው። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸዋል። እሳቸው ፊዚክስ አልተማሩም፤ ግን የትኛው ክሊኒክ መዝገብ ላይ የሚጽፈውና እውነት የሚሠራው እንደሚለያይ በአንድ እይታ ያውቃሉ። ሥራቸው የሚበዛው ሕሙማን ከሄዱ በኋላ ማታ ማታ ነው። የጨረር መለኪያቸውን፣ በሰው አካል ምትክ የሚቆም የፕላስቲክ ግንድ፣ ውኃ የሚሞላ ዕቃ ተሸክመው ይሄዳሉ። የፕላስቲኩ አንደኛው ትንሽ ስለሆነ «ሕፃኑ» ይሉታል። አንድ ቀን ዝናብ ሲይዛቸው እኔ ቤት አሳድረውት ነበር። ጎረቤቴ ገብታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ስትለኝ «የማያለቅስ የልጅ ልጅ ነው» አልኳት።

ስለ ፒያሳ ቤቶች ሳልናገር አላልፍም፤ ምክንያቱም ግድግዳ ማለት ለእነሱ ትልቅ ነገር ነው። የራጅ ክፍል ግድግዳው ወፍራም፣ በሩ በእርሳስ የተለበጠ መሆን አለበት። የእኛ ሰፈር አሮጌ ቤት ደግሞ ከፊቱ ድንጋይ፣ ከጀርባው ጭቃ፣ መሀሉ በኮምፔንሳቶ የተከፈለ ነው። እነ ልጄ ወደ አንድ ክሊኒክ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ማሽኑ አይደለም። «ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ማን ይኖራል?» ነው የሚሉት።

አንድ ቦታ ይህን ጠይቀው ደረት የሚነሳበት መቆሚያ ፊት ለፊት ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ብቻ ሆኖ አገኙት። ከወዲያ በኩል የአንድ ቤተሰብ መኝታ ክፍል ነው፤ የሕፃን አልጋ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ለኩ። በአንድ ራጅ የሚያልፈው ጥቂት ነው፤ በቀን የሚነሳው ሰው ብዛት በዓመት ሲባዛ ግን ለማንኛውም ሰው ከተፈቀደው 1 ሚሊሲቨርት ይበልጣል። ባለቤቱን መቆሚያውን ወደ ድንጋዩ ግድግዳ አዙር፣ ይህን ወገን በእርሳስ ልበጥ፣ እስከዚያ ሥራውን አቁም አሉት። ሰውየው «ስንት ዓመት ስሠራ ማን ሞተ?» ብሎ ሂሳባቸውን ሳይከፍል አሰናበታቸው። ልጄ ሪፖርቱን ጽፋ ለተቆጣጣሪው አስገባች። ጋሼ ግን ወረቀቱ እስኪደርስ አልጠበቁም። በማግስቱ ጠዋት ሄደው በዚያ ቤት ቡና ጠጥተው፣ ማንንም ሳያስደነግጡ፣ አልጋው ወደ ወዲያኛው ጥግ ሲዞር አይተው ተመለሱ። ክሊኒኩ ከሁለት ወር በኋላ ተስተካክሎ ከፈተ። ያልተከፈለው ሂሳብ እስከ ዛሬ አልተከፈለም።

የሰፈሬ ሰው ጨረር ሲባል ወይ አብዝቶ ይፈራል፣ ወይ አብዝቶ ይወዳል። የሚወደው ምንም ሳያስነሳው መድኃኒት ያዘዘለትን ሐኪም እንደ ሐኪም አይቆጥርም፤ «ሲቲ ስካን እዘዙልኝ» ብሎ የሚማጸን አለ። ልጄ ይህን ስትሰማ ጥርሷን ትነክሳለች። በደንብ የተነሳ የአዋቂ ደረት ራጅ ወደ 0.1 ሚሊሲቨርት ቢሆን ነው። የሆድ ሲቲ ስካን ግን እንደ ማሽኑና እንደ ሰውነቱ ቢለያይም 8 ገደማ ነው፤ የሰማንያ ራጅ ያህል ማለት ነው። የሕፃን ሕዋስ ገና እያደገ ስለሆነ ይበልጥ ይጎዳል፣ ፊቱም ረጅም ዕድሜ አለው። የሚፈራው ደግሞ ልጁ ሳንባ ምች ይዞት እያለ «ራጅ አላስነሳም» ብሎ ይመልሰዋል። ምንም ራጅ ሳንነሳ እንኳ ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት እንደምንቀበል፣ ከፍታ ላይ በመሆናችንም ከሰማይ የሚመጣው ለአዲስ አበባ ሰው ከባሕር ዳርቻ ሰው እንደሚበዛ የነገረችኝ እሷ ናት። አልትራሳውንድና ኤምአርአይ ከነጭራሹ ይህ ዓይነት ጨረር የላቸውም።

በሕክምናው በኩል ሲሆን ስህተቱ ይከብዳል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ በ1997 የካንሰር የጨረር ሕክምና ሲጀምር በኮባልት ማሽን ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። ኮባልት እንደ ሻማ ነው፤ ቢሠሩበትም ባይሠሩበትም ያልቃል፣ በ5 ዓመት ከ3 ወር ገደማ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ለስንት ደቂቃ ይተኛ የሚለው በየጊዜው ይሰላል። ኮስታሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ በ1996 አዲስ ኮባልት ተተክሎ ሲለካ፣ ሰዓት ቆጣሪው 0.3 ደቂቃ ያለውን 30 ሰከንድ ብለው ወሰዱት። 0.3 ደቂቃ 18 ሰከንድ ነው። ምንጩ ከእውነቱ ደካማ መሰላቸውና ሕሙማኑን አብዝተው አስተኟቸው፤ 115 ሰዎች ከታዘዘላቸው እጅግ የበለጠ ተቀበሉ፣ የሞቱም አሉ። ልጄ ይህን ስትነግረኝ ባለቤቴ የማይፈተን ሚዛንን ለምን እንደዚያ ይጠላ እንደነበር ገባኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት አረገዘች። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ እትዬ፣ ሰምተው እንደመጡ ነጠላቸውን እንኳ ሳያስተካክሉ «ይህን ሥራ ተይ በያት እንጂ! በሆዷ ያለውን ማን ይጠይቅልናል?» አሉኝ። እኔም ሌሊት እንቅልፍ አጥቼ ነበርና ማታ ላይ ጠየቅኳት።

«እማዬ፣ እኔ የምፈራውን ስለማውቅ ነው የምሠራው» አለችኝ። ደረቷ ላይ የምታንጠለጥላትን፣ የተቀበለችውን ጨረር የምትመዘግብ ትንሽ ዕቃ አሳየችኝ። ለሠራተኛ የተፈቀደው በአምስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። እርጉዝ መሆኗን ካሳወቀች በኋላ ግን ለፅንሱ እስኪወለድ ከ1 እንዳያልፍ ሕጉ ያስገድዳል፤ ስለዚህ ሁለተኛ መመዝገቢያ ከሆዷ ላይ አሰረች። ከምንጭ ጋር የሚያያዘውን ሥራ ለባልደረባዋ ተወች፤ ራጅ ሲነሳ ከግድግዳው ጀርባ ነው የምትቆመው። ለእትዬ ይህን ሁሉ ስተረጉምላቸው ዝም ብለው አዳመጡኝና «ስለቷን ለጊዮርጊስ አስገቡልኝ» አሉ። አስገባን። የመመዝገቢያው ውጤት በመጣ ቁጥር እኔም እጠይቅ ነበር፣ «ስንት አለ?» እያልኩ። ልጁ 3 ኪሎ ከ200 ሆኖ ተወለደ።

ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ሲፈርስ ሌላ ነገር መጣ። ከተዘጋ ክሊኒክ የወጣ አሮጌ የራጅ ማሽን መንገድ ዳር ተጥሎ፣ ሰዉ ሁሉ በሩቁ ሲዞረው ልጄ ሄዳ ነካችው። የራጅ ማሽን እንደ አምፖል ነው፤ መብራቱ ከተነቀለ ውስጡ የሚቀር ጨረር የለም። ቆራሌው ቢገዛው ግድ የላትም። የሚያስፈራው ራሱ ምንጭ ያለበት ነው። ብራዚል፣ ጎያንያ በሚባል ከተማ እ.ኤ.አ በ1987 ከተተወ የካንሰር ሕክምና ቤት ሁለት ሰዎች አንድ ማሽን ፈታትተው ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ውስጡ በጨለማ ሰማያዊ የሚያበራ ዱቄት ነበር፣ ሲዚየም። ነጋዴው ለዘመድ ለጎረቤት አደለው፤ የስድስት ዓመት ልጅ ተጫወተችበት። እሷን ጨምሮ አራት ሰው ሞተ፣ ከ112 ሺህ በላይ ሰው ተመረመረ። ጋሼ ይህን ካወቁ ወዲህ የሰፈሩን ቆራሌዎች በስም ለይተው፣ ሦስት ቅጠል የመሰለው የጨረር ምልክት ያለበት ነገር ካገኙ ሳይነኩ እንዲጠሯቸው ነግረዋቸዋል። እስካሁን የጠራቸው የለም። ስልካቸውን ግን አያጠፉም።

ባለፈው ክረምት የልጅ ልጄ ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ፣ ትንፋሹ ሲፈጥን ሐኪሟ ደረቱን ይነሳ አለች። እናቱ ሁለተኛ ልጅ አርግዛለች፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ መግባት የለባትም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ማሽኑ ለልጅ ልክ ተደርጓል?» ባለሙያው ወጣት ነው፣ አልተቀየመም፤ የተጻፈበትን ሰሌዳ አሳያት። እኔ እንደ ዱቄት ከረጢት የከበደ የእርሳስ ሽርጥ ለብሼ ልጁን ያዝኩት። ወጣቱ የብርሃኑን አራት ማዕዘን ከደረቱ እንዳያልፍ አጠበበው፣ ክንዱን ቀና አድርጊ አለኝ፣ ወጥቶ በሩን ዘጋ። ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ልጁ ገና ለማልቀስ አፉን ሲከፍት በሩ ተከፍቶ «ጨርሰናል እማማ፣ አንዱ ይበቃል» አለኝ።