የተማሪው ጆንያ፤ ከጣና ምዕራብ ዳር ከደልጊ

ጣናን አይቻለሁ የሚል መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ያየው የሐይቁን ደቡብ ብቻ ነው። ባሕር ዳር ወርዶ፥ ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበትን ስፍራ ተመልክቶ፥ ወደ ዘጌ ተሻግሮም የዑራ ኪዳነ ምሕረትን ሥዕሎች ካደነቀ በኋላ፥ ጣናን ጨረስሁ ብሎ ይመለሳል። ነገር ግን ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ስፋት ያለው፥ ከደቡብ እስከ ሰሜንም 80 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋ በመሆኑ፥ ወዲያ ማዶ ያለው ዳር ሌላ አገር ነው። ዛሬ ለአንባብያን የምተርከው ስለዚያ ስለ ምዕራቡ ዳር፥ ይልቁንም የጣቁሳ ወረዳ ዋና ከተማ ስለ ሆነችው ስለ ደልጊ፥ በደልጊም ስላየኋቸው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነው።

ወደዚያ የሄድሁት በ2010 ዓ. ም. በሰኔ ወር ነበር። በዚያ አገር ያስተምር የነበረ አንድ ዘመዴ፥ «የወላጆች በዓል ስለ ደረሰ መጥተህ የልጆቹን ሥራ እይ» ብሎ ላከብኝ። በየብስ በጎንደርና በደምቢያ በኩል መሄድ ይቻል ነበር፤ እኔ ግን የሐይቁን መንገድ መረጥሁ። ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ ትመላለስ የነበረችው መርከብ በዘጌና በደቅ ደሴት አልፋ ቁንዝላ ታድራለች፤ በማግሥቱም ደልጊን ነክታ ጎርጎራ ትደርሳለች። መኪና ለለመደ ሰው ጉዞው የዘገየ ይመስለዋል፤ ነገር ግን የሐይቁን ዳር ሕዝብ ኑሮ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። በመርከቢቱ ላይ የእህል ጆንያ፥ የዘጌ ቡና፥ የቤት ክዳን ቆርቆሮና ዶሮ ተደባልቆ ተጭኖ ነበር፤ በየወደቡም አንዱ ሲወርድ ሌላው ይሳፈራል። ከዳር ዳር ደግሞ ከደንገል የተሠሩ ታንኳዎች፥ አንዳንዱ ዓሣ፥ አንዳንዱ እንጨት ጭኖ፥ ውኃውን ቀስ እያለ ይቀዝፋል።

ሰኔ የጣና ውኃ እጅግ የሚያንስበት ወር ነው። ክረምቱ ገብቶ ግልገል ዓባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ሞልተው ሲፈስሱበት ሐይቁ ከፍ እያለ ይሄድና በመስከረምና በጥቅምት ከሁሉ ጊዜ የበለጠ ይሞላል፤ ከዚያም እስከ ሰኔ ድረስ ይጎድላል። የዳሩ ገበሬ ኑሮ በዚህ ሙላትና ጉድለት የተቆጠረ ነው። ውኃው ሲሸሽ፥ እርጥበቱ ሳይደርቅ፥ በጥቁሩ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል።

የተማሪውም ዓመት ከዚህ አቆጣጠር አላመለጠም። ትምህርት ቤት የሚከፈትበት የመስከረም ወር፥ ረግረጉ ሁሉ የወባ ትንኝ የሚያፈላበት ወር ነው። በ1950 ዓ. ም. ክረምትና በ1951 ዓ. ም. መጀመሪያ በአገራችን የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል፤ የደምቢያ ሜዳም ከዚያ አስቀድሞ በዚሁ በሽታ የተጎዳ አገር ነበረ። በ1947 ዓ. ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፥ ዛሬ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሆነው፥ ዓላማው ለገጠሩ ሕዝብ የጤና ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነበር። ዛሬ መድኃኒቱና አጎበሩ አለ፤ ቢሆንም ወባ የያዘው ተማሪ የዓመቱን የመጀመሪያ ትምህርት በመኝታው ላይ ያሳልፋል። ዓመቱ የሚዘጋበት የሰኔ ወር ደግሞ እርሻው የሚጣደፍበት፥ አባት ልጁን ከደብተሩ ይልቅ ከበሬው ኋላ የሚፈልግበት ጊዜ ነው። ስለዚህ የደልጊ ተማሪ በዓመቱ መግቢያም በዓመቱ መውጫም ፈተና አለበት።

በበዓሉ ዕለት ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ መንገዱ በወላጆች ተሞልቶ ነበር። እናቶች ነጠላቸውን አጣፍተው፥ አባቶች ዱላቸውን በትከሻቸው አጋድመው፥ አንዳንዶቹም አህያ እየነዱ ይመጣሉ። በበዓል ቀን አህያ ለምን እንደሚነዳ ስጠይቅ፥ የተጫነው የልጆች ስንቅ መሆኑን ዘመዴ ነገረኝ። ከሩቅ ቀበሌ የመጡ ተማሪዎች በከተማው ውስጥ ሁለት ሦስት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፤ በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ በእግራቸው ወደ አገራቸው እየሄዱ ዱቄቱን፥ ሽሮውን፥ በርበሬውንና ድርቆሹን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከትምህርት ሲወጡ ውኃ ይቀዳሉ፥ እንጨት ይለቅማሉ፥ ወጥ ይሠራሉ፤ ጥናት የሚጀመረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ከልጆቹ ሥራ ጥቂቱን ልንገራችሁ። በአንድ ክፍል ውስጥ ጣና ከነደሴቶቹ በጭቃ ተሠርቶ፥ ወንዞቹ በሰማያዊ ቀለም ተቀብተው ቀርበዋል። በሌላው ማዕዘን አሸዋ፥ ጠጠርና ከሰል በጀሪካን ውስጥ ደርድሮ የሐይቁን ድፍርስ ውኃ የሚያጠራ ልጅ ቆሟል። የቀይ መስቀል ክበብ አባላት የተሰበረ እጅ እንዴት እንደሚታሰር ያሳያሉ፤ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ልጆችም ለክረምቱ ያፈሉትን ችግኝ ደርድረዋል፤ ከ2004 ዓ. ም. ገደማ ጀምሮ በሐይቁ ሰሜን በኩል ስለ ተስፋፋው ስለ እምቦጭ አረምም በሥዕል አስረድተዋል። ከሰዓት በኋላ የጥያቄና መልስ ውድድር፥ ቀጥሎም ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ የተዘጋጀ አጭር ድራማ ነበር፤ በድራማው ላይ ሽማግሌ ሆኖ የተጫወተው ልጅ የጥጥ ጢሙ በወደቀበት ጊዜ ወላጁ ሁሉ ሳቀ።

ያ ውኃ የሚያጠራው ልጅ በጣም አስገረመኝ። ከሰሉ ስለ ምን እንደሚያስፈልግ፥ አሸዋው ከላይ ቢሆን ከታች ቢሆን ምን ልዩነት እንዳለው፥ የጠራውም ውኃ ሳይፈላ ሊጠጣ እንደማይገባ፥ በአማርኛ እንደ ምንጭ አፈሰሰው። አንድ እንግዳ መምህር «አሁን ደግሞ በእንግሊዝኛ ንገረን» ባለው ጊዜ ግን ቃሉ ተያዘ። ጥቂት አሰበና ጠመኔ አንሥቶ በሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣለ። ልብ በሉ፤ በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ሁሉ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የከተማ ልጅ ቋንቋውን በቴሌቪዥንም፥ በመጽሐፍም፥ በጎረቤትም ያገኘዋል፤ የገጠሩ ልጅ የሚያገኘው በክፍል ውስጥ ብቻ ነው። ነገሩን እያወቀው ስሙን ስላጣው የሚሳሳት ልጅ ብዙ ነው።

ሽልማት ከመሰጠቱ በፊት በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ከአንድ አባት ጎን ተቀመጥሁ። ባዶ ጆንያ በጉልበታቸው ላይ አጥፈው ይዘዋል።

«አባቴ፥ ከሩቅ ነው የመጡት?» አልኋቸው።

«ዶሮ ሲጮህ ነው የተነሣሁ፥ ጌታው። ልጄን ላይ፥ ስንቋንም ላደርስ።»

«በሬዎቹንስ ማን ያዘ?»

«ታናሽ ወንድሟ። እርሱ ዛሬ ከትምህርቱ ቀረ» አሉኝና ጥቂት ዝም አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፥ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ መጥቶብን ነበር። ልጂቱ ደርሳለች፥ ትምህርቱ መቼ ያልቃል፥ አሉን። እናቷ እንቢ አለች» አሉ።

«እርስዎስ ምን አሉ?»

«እኔ እንኳ ካርዷን ሳላይ አልናገርም አልሁ።»

ጥቂት ቆይቶ የልጂቱ ስም ተጠራ። ከክፍሏ ሦስተኛ ወጥታ ነበርና ደብተርና ብዕር ተሸለመች፤ ሽልማቷንና ካርዷን ይዛ መጥታ የአባቷን ጉልበት ሳመች። አባትየው ካርዱን ተቀብለው ገልብጠው አዩት። «ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይቺ ግን ሦስት ናት» ብለው በጣታቸው አመለከቱ። ከዚያ ባዶውን ጆንያ ገልጠው ሰፊውንና ጠባቡን ቀዳዳ መረመሩ። «ይቺን ሰፍቼ ለመስከረም እሞላታለሁ» አሉ። ለሽማግሌዎቹ የሰጡት መልስ ይህ መሆኑ ገባኝ። ሕጉም ከእርሳቸው ጋር ነበር፤ የቤተሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ይከለክላልና። ነገር ግን በዚያ ቀን ልጂቱን ያዳናት ሕጉን ያነበበ ሰው ሳይሆን፥ የእናቷ እንቢታና ያ የተጣፈ ጆንያ ነው።

ወደ ባሕር ዳር ስመለስ ያ ጆንያ ከአሳቤ አልወጣም። የጣና ዳር ከጥንት ጀምሮ የተማሪ አገር ነው። ቅኔ ፍለጋ፥ ድጓ ፍለጋ፥ አቋቋም ፍለጋ፥ ደበሎ ለብሶ አኮፋዳ አንግቦ ከደብር ወደ ደብር የሄደው የቆሎ ተማሪ ስንቅ አልነበረውም። ስንቁ የአገሩ ሰው ነበረ። በየደጁ ቆሞ በለመነ ጊዜ፥ የራሷ ልጅ ያልተማረ እናት እንኳ ቁራሽ ትሰጠው ነበር፤ ስለዚህ የአንድ ሊቅ መውጣት የብዙ ቤት ሥራ ነበረ። የዛሬው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ደጅ አይቆምም፤ መለመንም አይገባውም። ነገር ግን ሸክሙ ሁሉ በአንድ አባት አህያና በአንዲት እናት ጓዳ ላይ ወደቀ። ያ አባት ቢታመሙ፥ ወይም አዝመራው ቢጠፋ፥ ጆንያው ባዶ ይቀራል፤ ልጂቱም ሦስተኛ እንደ ወጣች ከትምህርት ትቀራለች።

ይህን የምለው የፈተናው ነገር ከዚያ ወዲህ እጅግ ስለ ጠነከረ ነው። እኔ ደልጊን ባየሁበት ጊዜ የነበረው የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ቀርቷል። የ12ኛው ፈተና ደግሞ ከ2014 ዓ. ም. ተፈታኞች ጀምሮ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ይሰጥ ጀመር። ኩረጃ ቢከለከል እሰየው ያሰኛል፤ ውጤቱ ግን የትምህርታችንን ድካም ገልጦ አሳየን። በ2014 ዓ. ም. ከተፈተኑት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ. ም. 3.2፥ በ2016 ዓ. ም. 5.4፥ በ2017 ዓ. ም. 8.4 ከመቶ ሆኑ። ይኸውም በመጀመሪያው ዓመት ከ1,000 ተማሪ 33 ያህሉ ብቻ አለፉ ማለት ነው። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። በዚህ ላይ ከ2015 ዓ. ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፥ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆነዋል። ውኃ ያጠራ የነበረውን ልጅ የመሰለ ስንቱ ሰሌዳ ሳያይ ዓመት እንዳለፈው ማሰብ ያሳዝናል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ ከዚህ ጉዞ የተማርሁትን ባጭሩ ልናገርና ላብቃ። ስለ ገጠር ትምህርት ቤት ስንሰማ ስንት አለፉ ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ ምን ተሸክመው እዚያ ደረሱ ብለንም እንጠይቅ። በፈተናው 50 ከመቶ ያልሞላለትን ልጅም «ወደቀ» ብለን በቤት ውስጥ አናሳፍረው። የማካካሻ ትምህርት አለ፥ የሙያ ትምህርት ቤት አለ፥ ደግሞ መፈተንም አለ። የታላቁን ውጤት አይተን የታናናሾቹን፥ ይልቁንም የሴቶቹን ልጆች ደብተር አንዝጋ።

ከሁላችንም ቤት ደግሞ ወደ ገጠር የሚወስድ የዝምድና መንገድ አለ። የአጎት ልጅ፥ የአክስት ልጅ፥ የክርስትና ልጅ በአንዲት ትንሽ ከተማ ክፍል ተከራይቶ ይማር ይሆናል። የአንድ ወር ኪራይ፥ አንድ መዝገበ ቃላት፥ በፀሐይ የሚሠራ አንዲት መብራት፥ አንድ አጎበር፥ ለእኛ ትንሽ ነው፤ ለዚያ ጆንያ ግን እኩሌታው ነው። አባቶቻችን ለማያውቁት ተማሪ ከእንጀራቸው ቆርሰዋል፤ እኛ ለምናውቀው ምን እንሰጣለን?

ሰላም ወርዶ የተዘጋው ሁሉ ይከፈት፤ በመስከረምም የጣና ዳር መንገድ ስንቅ በተሸከሙ ተማሪዎች ይሙላ።