ንድፉ በማን እጅ ነው?

አንድ ሰሌዳ ኤምዲኤፍ ርዝመቱ 244፣ ወርዱ 122 ሴንቲ ሜትር ነው። ርዝመቱን ለአራት እኩል መደርደሪያ የሚያካፍል ሰው 61 ሴንቲ ሜትር ያገኛል፤ ንድፉንም በ61 ይሠራል። መጋዙ ግን የራሱን ድርሻ ይወስዳል። ጥርሱ 3 ሚሊ ሜትር ቢበላ በሦስት ቁርጥ 9 ሚሊ ሜትር ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ እያንዳንዱም መደርደሪያ ከ60.8 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል። በሁለት ጎን መካከል ጥብቅ ብሎ መግባት ላለበት መደርደሪያ የሁለት ሚሊ ሜትር ክፍተት ከሩቅ ይታያል። መንደፊያ ሶፍትዌር ለትርፍ ጊዜ አናጢ ጥቅሙ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰሌዳው ከመገዛቱ በፊት ሂሳቡን ያስጨርሰዋል። ስለዚህ ርካሽ መንደፊያ ጠቁመኝ ለሚለኝ ሰው መጀመሪያ የማነሳው የመቁረጫ ዝርዝር ነው፦ ስንት ቁራጭ፣ በምን ርዝመት፣ በምን ወርድ፣ ከየትኛው ሰሌዳ። ይህን የማያወጣ መንደፊያ ሥዕሉ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን አጋምሶ ነው የሚተወው።

*

እንጨት ለደስታቸው በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ የስኬችአፕን ያህል የተወደደ መንደፊያ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ የነበረ አንድ ትንሽ ኩባንያ አወጣው። በ2006 ጉግል ገዛውና ያለ ክፍያ የሚሠራበትን ቅጂ ለቀቀ። አራት ማዕዘን ይሳላል፣ ገፋ ይደረጋል፣ ጣውላ ይሆናል። ኮምፒውተር የሚፈራ ሰው እንኳ በአንድ ማምሻ ሳጥን ይነድፍበታል። በ2012 ጉግል ለትሪምብል ሸጠው። በኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ያለ ክፍያ የሚሠራው የመጨረሻ ቅጂ የ2017ቱ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ በነፃ የሚሰጠው በኢንተርኔት ማሰሻ ውስጥ የሚከፈተው ነው። አንድ ጊዜ ከፍሎ የራስ ማድረግም በ2020 ቀርቶ በዓመት ኪራይ ተተካ።

የጎደለው ነገር ትልቅ ነው። ከንድፉ የመቁረጫ ዝርዝር አውጥቶ በሰሌዳው ላይ የሚደለድለው ኦፕንከትሊስት የተባለ ግሩም ተጨማሪ፣ ራሱ ያለ ክፍያ የሚገኝ ሆኖ ሳለ፣ በማሰሻው ቅጂ ላይ አይጫንም። ብዙ ሰዎች የ2017ቱን ይዘው እስካሁን ሙጭጭ ያሉት ለዚህ ነው። እኔም አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ማንም የማያድሰው ቅጂ የሚቆየው ኮምፒውተሩ እስከቆየ፣ ኮምፒውተሩም የሚቆየው ዊንዶውሱ እስኪቀየር ነው።

*

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ብዙዎቻችን ያሰብነው ስለ ዘይትና ስለ መድኃኒት ነው፤ ተገቢም ነበር። የሶፍትዌር ኪራይም ግን በዚያው ቀን ዘለለ። በዓመት 119 ዶላር የሚጠየቅበት መንደፊያ ከዚያ በፊት በባንክ ምንዛሪ ወደ 6,800 ብር ገደማ ነበር። ዶላር 100 ብርን ሲሻገር ያው ሶፍትዌር፣ አንድም ነገር ሳይጨመርበት፣ ከ11,900 ብር በላይ ሆነ። መጋዝ ቢወደድ አንድ ጊዜ ነው፤ የተገዛው መጋዝ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ዋጋ አይጠይቅም።

ሌላም አለ። ብሩ ቢኖርም እንኳ በውጭ ገንዘብ የሚከፍል ካርድ የሁሉም ሰው ኪስ ውስጥ የለም። ስለዚህ ኪራዩ በአሜሪካ ወይም በዱባይ ባለ ዘመድ ካርድ፣ አንዳንዴም በዘመዱ ኢሜይል ይከፈላል። ዘመድ ደግ ነው። ካርዱ ሲቀየር፣ ኢሜይሉ ሲዘጋ ወይም ወጪ ሲበዛበት ግን አዲስ አበባ ያለው ሰው የራሱን ቁም ሣጥን ንድፍ መክፈት ያቅተዋል። በዘመድ መልካም ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ መሣሪያ ለሥራ አያስተማምንም።

*

ፊውዥን፣ ቀድሞ ፊውዥን 360 ይባል የነበረው መንደፊያ፣ ኃይለኛ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ለሚጠቀም ሰው፣ ንድፉንና የማሽኑን መንገድ በአንድ ቤት ይሠራለታል። ለግል ጥቅም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ነገር ግን አምራቹ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2020 መኸር ላይ የነፃ ተጠቃሚውን አጠበበው፤ በአንድ ጊዜ ሊሻሻሉ የሚችሉት ንድፎች 10 ብቻ ሆኑ፤ የማሽኑ ፈጣን እንቅስቃሴም ተቀነሰ። ስቴፕ በተባለው፣ በሌሎች መንደፊያዎችም በሚከፈተው ዓይነት ፋይል ማውጣትም ሊቀር ነበር። ተጠቃሚው ጮኸና ያኛው ውሳኔ ተሻረ። እኔ ከዚህ የያዝኩት የመጨረሻውን ነው፤ ሰው አምርሮ የተሟገተው የራሱን ሥራ ይዞ መውጣት እንዳይከለከል ነበር።

በፈቃዱ ላይ ያለው የ1,000 ዶላር ጣሪያም መታሰብ አለበት። በዓመት ከዚያ በላይ ከሥራው የሚያገኝ ሰው የግል ተጠቃሚ ተብሎ አይቆጠርም። እኛ ዘንድ በትርፍ ጊዜ እንጨት የሚሠራ ሰው እንዲሁ ለነፍሱ ብቻ ሠርቶ የሚቆየው ስንት ጊዜ ነው? መጀመሪያ ለቤቱ መደርደሪያ ይሠራል፤ እህቱ አይታ ትፈልጋለች፤ ከዚያ የእህቱ ጎረቤት ከፍላ ታሠራለች። አንድ ደህና የኩሽና ካቢኔት ጣሪያውን ሊነካ ይችላል። የማሰሻው ስኬችአፕም ለንግድ ሥራ የተፈቀደ አይደለም። ከትርፍ ጊዜ ወደ ገቢ መሻገር የሚያስብ ሰው ከመጀመሪያው የማይከለክለውን መንደፊያ ቢለምድ ይሻለዋል፤ ሙያ ከተያዘ በኋላ እጅን ማስለወጥ ከባድ ነው።

*

ኦንሼፕ የተባለው መንደፊያ ያለ ክፍያ ሲሰጥ ንድፉ ለዓለም ሁሉ ክፍት ይሆናል። ለወፍ ቤት ምንም አይደለም። የመኝታ ቤቱን ልክ ከበሩና ከመስኮቱ ጋር ለሚነድፍ ግን ያሳስባል።

*

ክራክ የተደረገ አውቶካድ በፍላሽ ይዞ የሚመጣ ወዳጅ የሌለው ሰው ጥቂት ነው። ሁላችንም ስለለመድነው ስርቆት አይመስለንም። የአገራችን የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ መጽሐፍ ይጠብቃል። በራሱ እጅ ሠርቶ የሚኮራ ሰው የሌላውን የእጅ ሥራ ሳይከፍል ሲጠቀም ቅር ሊለው ይገባል፤ በዚህ አልደራደርም። ከክራኩ ጋር አብሮ የሚገባው ቫይረስም የታወቀ ነው።

ሁሉም ይቅርና፣ የሳሎን መደርደሪያ ለመንደፍ አውቶካድ ማን አለው? የሚፈለገው ጠፍጣፋ ንድፍ ከነልኩ ከሆነ ሊብረካድ ያለ ክፍያና ያለ ስርቆት ይሠራዋል። ፋይሉን የሚያስቀምጠው በዲኤክስኤፍ ነው። ዲኤክስኤፍ አውቶካድ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ስለሆነ የትም ይከፈታል።

*

ገበያ ላይ “18” ተብሎ የሚሸጥ ሰሌዳ ሲለካ 17 ወይም 17 ተኩል ሚሊ ሜትር ሆኖ መገኘቱ ለአናጢ አዲስ ነገር አይደለም። የውጪ ወርዱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቁም ሣጥን፣ ጎኖቹ 18 ሲሆኑ ውስጡ 764 ሚሊ ሜትር ነው። ጎኖቹ 17 ሲሆኑ 766 ይሆናል። መደርደሪያው፣ መሳቢያው፣ የጀርባው ኮምፔርሳቶ፣ ሁሉም በዚህ ላይ የቆሙ ናቸው።

ፍሪካድ የተባለውን መንደፊያ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። በንድፉ ውስጥ ባለው ሰንጠረዥ ላይ ለውፍረቱ አንድ ቦታ ይመደብለታል፤ ሁሉም ክፍል ልኩን ከዚያ ይወስዳል። ሰሌዳው ተገዝቶ ሲለካ 17 ከሆነ ያ አንድ ቁጥር ይቀየራል፤ ጎኑም፣ መደርደሪያውም፣ መሳቢያውም ተከትለው ይስተካከላሉ። በስኬችአፕ ይህን በየክፍሉ እየዞሩ መጎተትና መግፋት ነው፤ አንዱ ከተረሳ ስህተቱ የሚገኘው ሙጫው ከተቀባ በኋላ ነው።

ሐሳቡ አሮጌ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 ለኤምአይቲ ባቀረበው የዶክትሬት ሥራ፣ ስኬችፓድ ብሎ በሰየመው ፕሮግራም፣ ቲኤክስ-2 በተባለ ግዙፍ ኮምፒውተር ላይ በብርሃን ብዕር መስመር እየሳለ፣ ይህ ከዚያ ጋር ትይዩ ይሁን፣ ይህ ከዚያ ጋር እኩል ይሁን እያለ ማሽኑን ያዝዝ ነበር። ማሽኑም ሥዕሉን በትእዛዙ ልክ ያቃናዋል። ያኔ ከአንድ ትልቅ ተቋም በቀር ማንም ሊያገኘው የማይችለው ችሎታ ዛሬ ሁለተኛ እጅ ላፕቶፕ ላይ ያለ አንድ ሳንቲም መጫኑ በእውነት ያስደስተኛል።

ፍሪካድ እ.ኤ.አ. በ2002 ጀመረ። 1.0 የተባለው ቅጂ የወጣው በኖቬምበር 2024 ነው፤ 22 ዓመት ፈጅቶበታል። ለረጅም ጊዜ ሰውን ሲያማርር የኖረ ጉድለት ነበረበት። ፕሮግራሙ የአንድን ቁራጭ ገጽታዎች በቁጥር ነው የሚያውቃቸው፤ ቀደም ባለው ደረጃ ላይ አንድ ቀዳዳ ቢጨመር ቁጥሮቹ ይንሸራተታሉ፤ ስድስተኛው ገጽ ላይ የተያያዘው መሳቢያ ድንገት ሌላ ገጽ ላይ ይገኛል፤ ወይም ንድፉ ይፈርሳል። በ1.0 ይህ በብዛት ተቃልሏል። ከዚያ በፊት ሞክረው በምሬት የተዉት ሰዎች አንድ ጊዜ እንደገና እንዲከፍቱት እለምናለሁ።

ለጀማሪ ግን ይከብዳል። “የሥራ ጠረጴዛ” የሚላቸው የመሣሪያ ስብስቦቹ ብዙ ናቸው፤ የትኛው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ ይወስዳል። አንድ ቁም ሣጥን ከባዶ ገጽ ተነስቶ እስከ መቁረጫ ዝርዝር በአማርኛ የሚያሳይ ትምህርት ቢኖር ስንቱን ሰው ባገዘ ነበር። ይህን የሚችል ሰው ካለ ውለታው ትልቅ ይሆናል።

*

መብራት ሲኖር ኔትወርክ፣ ኔትወርክ ሲኖር መብራት በሚጠፋበት ከተማ በማሰሻ ብቻ የሚሠራ መንደፊያ ቅዳሜ ከሰዓትን ባዶ ያስቀራል። የላፕቶፕ ባትሪ ለሁለት ሰዓት ንድፍ ይበቃል፤ ሞደም ሲጠፋ ግን የማሰሻው ንድፍ ባትሪ እያለ አይከፈትም።

*

ስኬችአፕን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ብቻ ከመጀመሪያው ቀን ይልመድ። እያንዳንዱን ጣውላ እንደሳለ ራሱን የቻለ ክፍል ያድርገው። ካላደረገ የሚነካኩ ጣውላዎች ተጣብቀው አንድ አካል ይሆናሉ፤ እግሩን ሲያንቀሳቅስ ጠረጴዛው ይጣመማል።

*

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያሉ ወገኖቻችን ጋራዥ አላቸው፤ ጋራዥ ካለ መጋዝ ይገባል፤ መጋዝ ከገባ ለቡናው ረከቦት መሥራት ይመጣል። እነርሱ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ ነው። የሚያገኙት ንድፍ ሁሉ በኢንች ነው፤ “ሁለት በአራት” የሚባለው እንጨት ደግሞ ተላልጎ ሲሸጥ አንድ ተኩል በሦስት ተኩል ኢንች ነው፤ ማለትም 38 በ89 ሚሊ ሜትር። አገር ቤት ላለ ወንድም የሚላክ ንድፍ በስም ልክ ከተሠራ አዲስ አበባ ሲደርስ አይገጥምም። ፋይሉ ሲከፈት መለኪያውን ሚሊ ሜትር ማድረግ፣ የእንጨቱንም እውነተኛ ውፍረት ማስገባት ብዙ የስልክ ጥሪ ያስቀራል።

*

የማይነደፍም አለ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ይፈለፈላል፤ መጋጠሚያ የለው፣ የመቁረጫ ዝርዝር የለው። የሠሪው ዓይንና መጥረቢያ ያውቁታል። ለተጠማዘዘ የወንበር ጀርባም በቁም ልኩ ኮምፔርሳቶ ላይ በእርሳስ መሳልና እየራቁ ማየት ከየትኛውም ስክሪን ይበልጣል። ስክሪን ላይ ሁሉም ኩርባ ያምራል።

ዋንዛም አለ። ሶፍትዌሩ የዋንዛ ጣውላ ዓመቱን ሙሉ አንድ ልክ ነው ብሎ ያምናል። እንጨቱ ግን በክረምት እርጥበት በወርዱ ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ በርዝመቱ እምብዛም አይለወጥም። ሰፊ የዋንዛ ጠረጴዛ ከእግሩ ጋር በሙጫ ድርቅ ተደርጎ ከተያዘ አንድ ቀን ይሰነጠቃል። ንድፉ ላይ ለብሎኑ ረዘም ያለ ቀዳዳ መተው የነዳፊው ኃላፊነት ነው፤ የትኛውም መንደፊያ አያስታውሰውም።

*

መንደፊያ የሚመርጥ ሰው አንድ ረከቦት፣ ባለ አንድ መሳቢያ፣ 60 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍታው 25፣ በሁለት ሶፍትዌሮች ይንደፍ። ሲጨርስ ከፍታውን ወደ 22 ይቀንስና መሳቢያው ይከተል እንደሆነ ይይ። ውፍረቱን ከ18 ወደ 17 ያድርግ። የመቁረጫ ዝርዝሩን ያትም። ኢንተርኔቱን አጥፍቶ ፋይሉን ለመክፈት ይሞክር። ከዚያ በስቴፕ ወይም በዲኤክስኤፍ አውጥቶ በሌላ ፕሮግራም ይክፈተው።

ለረጅም ጊዜ መሥራት ለሚያስብ ሰው፣ የመጀመሪያዎቹ ምሽቶች ቢከብዱትም፣ ፍሪካድን እመክራለሁ። ለበረንዳው አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ መሥራት የሚፈልግና ኔትወርኩ ደህና የሆነለት ሰው ደግሞ የማሰሻውን ስኬችአፕ ይክፈት፤ የመቁረጫ ዝርዝሩን በእጁ ይጻፍ፤ ለእያንዳንዱ ቁርጥም 3 ሚሊ ሜትር ይጨምርበት።