በውሃ ስለሚሟሟው ክርና ስለ እናታችን ነጠላ

በዚህ ገጽ ስለ ልብስ ስፌት መጻፍ የወይዛዝርት ድርሻ እንደ ሆነ እናውቃለን። እኛ መዝገብ ስንጽፍና ስናስር የምንውል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነን፤ ዕድሜያችንም ከአርባ አልፏል፤ መርፌ ይዘን ያየን ሰው ቢስቅብን አንቀየምም። ነገር ግን በደቡብ ኦሞ፣ በካሮ ሰዎች አገር፣ ኮልቾ በምትባለው መንደር በአንድ ክር ምክንያት የደረሰብንን ብንጽፈው፣ በቤቱ የስፌት መኪና ላለው ሰው ይጠቅም ይሆናል ብለን ብዕር አነሣን።

እናታችን ካረፉ በኋላ ልብሶቻቸው በሣጥን ተቀምጠው ሁለት ዓመት ቆዩ። ለድኻ እንዳንሰጣቸው ልባችን እንቢ አለ፤ እንዳንለብሳቸውም የሴት ልብስ ናቸው። በመጨረሻ ባለቤታችን፣ «ብል ከሚበላቸው ቆርጬ ብርድ ልብስ ላድርጋቸው፤ እርስዎም በየጉዞው ይዘውት ይሄዳሉ» አለችን። እኛ መጀመሪያ ደስ አላለንም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለን ደበሎ ለብሰን ድሪቶ ደርበን ያደግን ስለ ሆነ፣ እራፊ በእራፊ ላይ ሲሰፋ ባየን ጊዜ ትዝ የሚለን ረኀቡና ውሻው ነው። እርስዋ ግን ያሰበችው ፈረንጆች ኩዊልት የሚሉትን ነበር፤ ይኸውም ሦስት ንብርብር ያለው ነው። ከላይ በልክ ተቆርጦ የተገጣጠመ ጨርቅ፣ ከመካከል ባዘቶ፣ ከታች ገበር ይሆንና ሦስቱ ባንድነት በስፌት ይያያዛሉ። ጠርዙን ዙሪያውን የሚይዘው የእናታችን ነጠላ ጥለት እንዲሆን ቈረጠች፤ ይህን ስትነግረን ተስማማን።

እንዲህ ያለውን ንብርብር ልብስ የሰፋ ሰው እንደሚያውቀው፣ ችግሩ ጨርቁ እየተንሸራተተ መሸብሸቡ ነው። ስለዚህ ከዋናው ስፌት በፊት ላላ ባለ ረዣዥም ስፌት መወስወስ ያስፈልጋል። ዋናው ስፌት ካለቀ በኋላ ደግሞ የውስወሳው ክር አንድ በአንድ ይነቀላል፤ ይህም ዓይን ያደክማል፤ ዋናው ስፌት በላዩ አልፎበት እንደ ሆነም ሲነቀል ያንኑ ይጎትታል። ባለቤታችን ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ክር ይህን ድካም የሚያስቀር ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ልብሱ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ የውስወሳው ክር ሟሙቶ ይጠፋል፤ ዋናው ስፌት ብቻ ይቀራል።

ክሩ ከጥጥም ከሐርም አይደለም። ፖሊቪኒል አልኮል ከሚባል በሰው ብልሃት ከተገኘ ነገር የሚፈተል ነው፤ አልኮል ቢባልም አይጠጣም። ይህን ነገር በፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ዓ.ም. ሄርማንና ሄኔል የሚባሉ የጀርመን ሊቃውንት አገኙት። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ በጃፓን አገር በኪዮቶ ከተማ ሳኩራዳ የሚባል ሊቅና ሪ ሱንግ ጊ የሚባል የኮርያ ሰው ከዚሁ ነገር ለልብስ የሚሆን ክር አወጡ። የእነርሱ ጭንቀት ክሩ ውሃ ሲነካው እየሟሟ ማስቸገሩ ነበርና፣ በሙቀትና በፎርማሊን አጠንክረው ውሃ እንዲችል አደረጉት። ዛሬ ልብስ ሰፊዎች የሚፈልጉት ግን ያ ሁሉ ድካም ያልተደረገበትን ነው። እኛ ይህን ስናነብ ፈገግ ብለናል።

አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሚስዮን ትምህርት ቤት ወንዶቹም ቁልፍ መስፋት እንድንማር ተገደን ነበርና፣ የክሩን ጫፍ በምራቅ አርሶ በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት ከዚያ የቀረልን ልማድ ነው። አንድ ቀን ባለቤታችንን ለመርዳት ይህንኑ ብናደርግ የክሩ ጫፍ በአፋችን ውስጥ ሙጫ ሆነ፤ ልጆቹም ሳቁብን። ስለዚህ ጫፉን በመቀስ አጥርቶ መቁረጥ እንጂ ማርጠብ የለም፤ ላብ ያለበት እጅም አይስማማውም። እንፋሎት የሚተፋ ካውያ ፈጽሞ አይቀርበውም፤ መተኰስ ግድ ቢሆን በደረቅ ካውያ ነው። ክሩ ከአየሩ እርጥበት እንዳይጠጣ አፉ በደንብ በሚገጥም ከረጢት ወይም ጣሳ ይቀመጣል። ደግሞም አንዳንዱ በቀዝቃዛ ውሃ የሚሟሟ፣ አንዳንዱ ሞቅ ያለ ውሃ የሚፈልግ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ በቁራጭ ጨርቅ መሞከር ነው። በጥቂት ውሃ የነከሩት እንደ ሆነ ሟሙቶ አይወጣም፤ እንደ አጥሚት ይሆንና ሲደርቅ ጨርቁን ያደርቀዋል፤ ውሃውን ማብዛትና ደጋግሞ ማለቅለቅ ይገባል።

ከውስወሳ ሌላ፣ የቀሚስ ሽንሽን፣ ኪስና ዚፕ ዋናው ስፌት እስኪደርስላቸው ድረስ በዚህ ክር ይያዛሉ። ከሁሉ ያስደነቀን ግን ከጨርቁ ላይ ከፍ ብሎ የሚታየው ሥዕል ነው። ይህ ጥበብ ዱሮም የነበረ ነው፤ በሲሲሊያ ደሴት ከ1360 እስከ 1400 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ባለው ዘመን የተሰፋ፣ የትሪስታንን ታሪክ የሚያሳይና ሥዕሉ በጥጥ የተሞላ ልብስ አንዱ ክፍል በሎንዶን፣ አንዱ በፊረንዜ ቤተ መዘክር ይገኛል። ባለቤታችን በዚህ ዓይነት በመካከሉ መስቀል አወጣች። አስቀድማ ከላይኛው ጨርቅ ሥር ባዘቶ አድርጋ የመስቀሉን መልክ በሚሟሟው ክር ዞረችው፤ ገልብጣም ከመልኩ ውጭ ያለውን ባዘቶ በመቀስ አነሣች፤ ከዚያ ሦስቱን ንብርብር አንድ አድርጋ በዚያው መሥመር ላይ በጥጥ ክር ደግማ ሰፋችበት። ውሃ ሲነካው የፊተኛው ስፌት ይጠፋል፤ መስቀሉ አብጦ ይቀራል።

ሥራው ወደ ፍጻሜ በደረሰበት ሳምንት ለፍርድ ቤት ጉዳይ ወደ ኮልቾ እንድንወርድ ታዘዝን። ባለቤታችን ጠርዙን በዚያ ማታ ስትሰፋ አመሸች፤ እኛም አጠገብዋ ተቀምጠን ክር እያቀበልን አመሸን። ሌሊቱን ታጠበና ይደር የሚባል አልነበረም። ሲነጋ፣ «እዚያ ሲደርሱ በሰፊ ውሃ ይንከሩት፤ ውስወሳው ይለቃል» ብላ አጣጥፋ ሰጠችን።

ኮልቾ ከኦሞ ወንዝ ራስ በላይ ባለው ገደል አፋፍ ላይ የተቀመጠች መንደር ናት፤ ወንዙ ከታች ታጥፎ ሲሄድ ከዚያ ሆኖ ማየት መንገዱን ሁሉ ያስረሳል። የካሮ ሰዎች ቍጥራቸው ጥቂት ነው፤ ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ርጥብ አፈር ላይ ማሽላ እየዘሩ ኖረዋል፤ ጊቤ ሦስት የሚባለው ግድብ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ግን ሙላቱ እንደ ቀድሞው አልሆነም፤ ሽማግሌዎቹም ከእኛ ጋር ሲጨዋወቱ ነገራቸው ሁሉ ወደዚያው ይመለስ ነበር።

በወንዙ አዞ ስላለ፣ በጀሪካን አስቀድተን በትልቅ ሳፋ ብርድ ልብሱን ነከርነው። ጥቂት ቆይተን ብንመለከት መስቀሉ ባለቤታችን እንዳለችው አምሮ ወጥቷል። ጠርዙ ግን ከአራቱም ማዕዘን ለቆ በውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ባዘቶውም ከገበሩ መካከል እንደ ቡቃያ ይወጣል። የእናታችን ነጠላ ጥለት አራት ቦታ ሆኖ ሲዋኝ ባየን ጊዜ እጃችን አልታዘዝ አለ። ጨርቁን ከውሃው አውጥተን በድንጋይ ላይ ስናሰጣ፣ ሊረዳን የመጣ ልጅ ሳፋውን ወደ ገደሉ ደፋው፤ ከአራቱ አንዱ ቁራጭ ከውሃው ጋር ሄደ። ልጁ እንደ ፍየል ወርዶ አመጣልን፤ ነገር ግን እሾኽ ቀዶት ነበር።

አንዲት አሮጊት አጠገባችን ተቀምጠው የፍየል ቆዳ በወስፌ እየበሱ ዶቃ ይሰፉ ነበር። ነገሩን አይተው በአስተርጓሚው አፍ፣ «ይህን የሰፋው ማነው?» አሉን። ሚስታችን እንደ ሆነች ነገርናቸው። «ተጣልታችኋል?» አሉ። እኛም ክሩ በውሃ የሚጠፋ እንደ ሆነ ልናስረዳ ሞከርን፤ እርሳቸው ቆዳውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጠሩት፤ ስፌቱን አሳዩንና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገላውን በነጭ ኖራ የተቀባ አንድ ጐልማሳ ግን ገብቶት ሳቀ፤ የእነርሱም ኖራ ጠዋት ተቀብተውት ውሃ ሲነካው የሚሄድ ነው፤ ስለ ሄደም የሚያዝን የለም፤ ነገ ሌላ ይቀባሉ አለን። ያን ጊዜ ለሳቅ የሚሆን ልብ አልነበረንም።

በዚያው ቀን ወደ ቱርሚ የሚመለስ መኪና ስለ ነበረ፣ ወደ ጂንካ የሚደርስ ደብዳቤ ተቻኩለን ጻፍን። ቃሉን ሁሉ እዚህ መድገም ያሳፍረናል። ዋናው ቃል ግን፣ «እናቴን ሁለተኛ ቀበርሻቸው» የሚል ነበር። ለመጻፍ ሃያ ዓመት የለመደ እጅ በቍጣ ጊዜም ፊደሉ አይበላሽም፤ ደብዳቤው እንደ ውሳኔ ግልባጭ ያማረ ሆኖ ሄደ።

ማታ ጨርቁ ደርቆ ልናጥፈው ስናነሣ፣ በጠርዙ ዙሪያ ነጭ ክር ሳይበጠስ ተዘርግቶ አየን። ሁሉም ክር ቢሟሟ ኖሮ ይህ አይገኝም ነበር። የስፌት መኪና በሁለት ክር ይሠራል፤ አንዱ ከላይ በመርፌው ይወርዳል፤ አንዱ ከታች በመኪናዪቱ ሆድ ካለው ትንሽ መጠቅለያ ይወጣል፤ እርስ በርሳቸው ተቆላልፈው ይያዛሉ። የታችኛው ከጠፋ የላይኛው የሚይዘው የለውምና እንዲሁ ተጋድሞ ይቀራል። ስለዚህ ባለቤታችን በመርፌው ያስገባችው ክር ትክክለኛው የጥጥ ክር ነበር፤ ጥፋቱ በታችኛው ነው። ይህን ያህል ከተረዳን በኋላ በዚያ ማታ የሆነውን ማስታወስ ብዙ ጊዜ አልወሰደብንም። የታችኛው ክር ሲያልቅባት፣ «እስቲ ይጠቅልሉልኝ» ብላ መጠቅለያውን ለእኛ ሰጥታን ነበር። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ነጭ ክር ነበረ። እኛም አንዱን አንሥተን ጠቀለልን።

መኪናው ከሄደ ስድስት ሰዓት አልፎት ነበር፤ በስልክም የምንደርስበት ቦታ አልነበረንም። በኮልቾ ሌሊቱ ሞቃት ስለ ሆነ ብርድ ልብስ የሚፈልግ የለም፤ እኛ ግን ያን የተፈታ ጨርቅ ደረታችን ላይ አድርገን እስኪነጋ ቆየን። በፍርድ ቤት የተከሳሹ ቃል ያልተጻፈበት መዝገብ ለውሳኔ ሲቀርብ መልሰን የምንልከው እኛው ነን።

ሦስት ቀን ቆይተን ጂንካ ገባን። ባለቤታችን እንደ ልማድዋ ተቀበለችን፤ ውሃ አቀረበች፤ ምሳ አቀረበች፤ ስለ ደብዳቤው ምንም አላነሣችም። በስፌት መኪናዪቱ ላይ ግን ያ መጠቅለያ ከነክሩ፣ አጠገቡም ውሃ የሞላ ብርጭቆ ተቀምጦ አየን። ደብዳቤው በደረሳት ቀን መርምራ አውቃ ኖሯል። እኛም ቆመን፣ «የጠቀለልሁት እኔ ነኝ» አልን፤ በዚህ ቦታ «እኛ» ማለት አልተቻለንም።

«እኔም ለመጠየቅ እስኪመጡ ጠበቅሁ እንጂ፤ እዚያው በእርስዎ ቤት ሰው ሳይጠራ ይፈረድበታል?» አለችን።

«አይፈረድበትም።»

«እናትዎን እኔም እናቴ እላቸው ነበር» አለችና ጨርቁን ከእጃችን ተቀብላ ወደ ብርሃኑ ወሰደችው።

ጠርዙን ዳግመኛ በጥጥ ክር ሰፋችው፤ የታችኛውን ክር ራስዋ ጠቀለለች። እሾኽ የቀደደውን ቁራጭ ልትቀይረው ጨርቅ ነበራት፤ እኛ ግን እንዳይቀየር ለመንናት፤ በጥቃቅን ስፌት ጠቀመችው። በቤታችን ከዚያ ወዲህ የሚሟሟው ክር ከሌላው ክር ጋር በአንድ ሣጥን አያድርም፤ በጥቅሉ ላይም ቀይ ክር ታስሮበታል፤ በእርሱ የተጠቀለለ የታች መጠቅለያም ሥራው ሲያልቅ ያን ዕለቱን ይራገፋል። ነጭ በነጭ ላይ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ እንመክራለን። ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሱ ሁለት ጊዜ ታጥቦ አንድ ስፌት አልለቀቀም።

ደብዳቤውን እንድትመልስልን ወይም በፊታችን እንድታቃጥለው ጠየቅናት። የእናታችን ልብስ በነበረበት ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው ነገረችን፤ ቁልፉን ግን አልሰጠችንም።