ቴስታታው ስር ያለው አማና



እኛ አሮጌ ላዳ እየጠገንን የምንተዳደር ወጣቶች ነን። ውሃ የሚጨርስና የሚግል ታክሲ ሲመጣልን ብዙ ጊዜ የተቃጠለው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው። ባለቤቱ «ቶሎ ቀይራችሁ ልቀቁኝ፤ ልጆቼ የሚበሉት ከዚህ ነው» ይላል። አዲስ ጓርኒሲዮን አስገብቶ መዝጋት ቀላል ነው፤ መኪናው ይነሳል፣ ሂሳብም ይከፈላል።

ግን የላዳ ብሎክ ብረት ሲሆን ከላዩ የሚገጠመው ቴስታታ አልሙኒየም ነው። ከመጠን በላይ ሲግል ይጣመማል። ቀጥ ያለ ብረት አስደግፈን ክፍተቱን ሳንለካ ከዘጋነው አዲሱም ይቃጠላል። ያጋለው ምክንያት፣ የተደፈነ ራዲያተር ይሁን የማይከፍት ቴርሞስታት፣ ካልተገኘም እንደዚያው ነው። ቡሎኖቹም የሚጠብቁት ከመሃል ወደ ዳር፣ በየደረጃው፣ በልክ ነው።

ይህን ሁሉ ባለቤቱ አያየውም። አላህ ግን ያየዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ውስጥ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሰደው ከስር እርጥብ ሲያገኙ፣ ሻጩ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። የኛ እህል ክምር ቴስታታው ስር ነው።

ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ ስናስገባ «ሳልቫጅ ነው» ብለን እንናገራለን፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ እናስረክባለን። ዋጋው በዝቶበት ሌላ ጋራዥ የሚሄድ አለ። ይሂድ፤ ሪዝቅ ከአላህ ነው።

ወንድም እህቶች፣ በናንተ ሙያ ደንበኛው የማያየው ቦታ የትኛው ነው? አላህ ሪዝቃችንን ሐላል፣ ሥራችንን አማና ያለበት ያድርግልን። አሚን።