ከጥለቱ በታች

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቦሌ መድኃኔዓለም ደጃፍ የቆመ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ጥለት ላይ ነው። እኔ ግን ነጠላ መቋጨት መማር ከጀመርኩ ወዲህ የማየው ከጥለቱ በታች የሚንጠለጠለውን ክር ነው። አንዳንዱ ጥብቅ ብሎ ተሰልፏል፤ አንዳንዱ ተፈትቶ ተንጨባሯል። ውድ ጥለት ካለው ነጠላ ሥር ግዴለሽ ቁጭት ማየት ያናድደኛል።

፠

ሸማኔው ነጠላውን ቆርጦ ሲያወርድ በሁለቱም ጫፍ ማግ ያልገባበት ድር ይተርፋል። ካልተቋጨ ማጉ እየሾለከ ይወጣል፤ ልብሱ በታጠበ ቁጥር ከዳር ይበላል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጥቂት ክር በአንድ እጅ፣ ያንኑ ያህል በሌላው ይያዛል። ሁለቱም ለየብቻ ወደ አንድ አቅጣጫ ይከረራሉ። ከዚያ ተጋጥመው ወደ ተቃራኒው ይዞራሉ፤ አንዱ ልፈታ ሲል ሌላውን ያጠብቀዋል። ጫፉ ይቋጠራል። ጀማሪን የሚያስቸግረው እኩል ማክረር ነው። አንዱ ከላላ፣ የጠበቀው ቀጥ ብሎ ይቆምና የላላው ይጠመጠምበታል።

ገርጂ የሚያስተምሩኝ እናት ክር ስቆጥር ሲያዩኝ፣ «ዓይንሽን ተዪው ልጄ፤ ጣትሽ ይወቀው» ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሹሩባ የሚሠሩ ልጆች ይህን ሥራ ቶሎ የሚይዙት ለዚህ ይመስለኛል።

፠

ያለ ማግ፣ በድር ብቻ የሚሠራ ልብስም አለ። ስፕራንግ ይሉታል። ክሩ በሁለት እንጨት መሃል ይወጠርና በጣት ይጠላለፋል፤ ከላይ አንድ ረድፍ ሲሠራ፣ ያው ረድፍ ተገልብጦ ከታች ይወጣል። በግብፅ የቅብጥ ዘመን የተሠሩ እንዲህ ያሉ ቆቦች ዛሬም በሙዚየም ይታያሉ። ሸማኔ ያለፈውን ድር ይዘው የሚቀመጡት የኛ ሴቶች ለዚያ ሙያ ሩቅ አይደሉም።

፠

በለቅሶ ጊዜ ነጠላው ይዘቀዘቃል። ጥለቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቁጭቱም ፊት አጠገብ ይደርሳል። ሐዘንተኛ ሳታስበው ጣቷ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

፠

ሽሮ ሜዳም ሆነ ቦሌ፣ ባለሱቅ «የዶርዜ ሸማኔ ሥራ ነው» ማለት ያውቅበታል። ገዢውም ጥለቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፣ በጣቱ ይዳስሳል፣ ይከራከራል። ጫፉን የሚያይ የለም። የቋጪዋ ድካም በነጠላው ዋጋ ውስጥ ተውጦ ይቀራል፤ ለብቻው ሊነገርና ለብቻው ሊከፈል ይገባል ባይ ነኝ።

«ማን ቋጨው?» ብዬ ከጠየቅኋቸው ባለሱቆች መልስ የነበራት አንዷ ብቻ ናት። የሴትዮዋን ስም ነገረችኝ፤ ኮተቤ እንደሚኖሩም፣ በአንድ ነጠላ ስንት እንደምትከፍላቸውም።