ወደ ጭላሎ የሚወጡ ቀለሞች

አርሲን በዓይኑ ሊጠግብ የሚፈልግ ሰው ኅዳር ላይ ይምጣ። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ ስንዴው ለማጭድና ለኮምባይነር የሚደርስበት ወር ነው። እኔም በዳኞች ተመርጦ ለሚታይ የሥዕል ዐውደ ርእይ አዲስ ሥራ ላዘጋጅ አስቤ፣ ሸራዬን ጠቅልዬና ቀለሜን በሣጥን ይዤ ከአዲስ አበባ የተነሣሁት በዚሁ ወር ነበር። አሰላ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው። አዳማ ላይ ወደ ደቡብ ታጥፈን፣ መልካሳ ላይ አዋሽን ተሻግረን፣ በዴራ በኩል ዳገቱን ተያያዝነው።

ስለ አርሲ የማውቀው አገር የሚያውቀውን ያህል ነበር፤ ስንዴዋንና ሯጮቿን። ኃይሌ ገብረሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው፤ ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ አካባቢ ወጥተዋል። አርሲ የሠዓሊ አገር መሆኗን ግን የነገረኝ አልነበረም። ያንን የነገረኝ መንገዱ ራሱ ነው።

አዳማ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አሰላ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ። ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው በ75 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ነው። ዴራ አጠገብ አዝመራው ተሰብስቦ፣ ግራሩም ገለባውም አቧራማ ቡናማ ለብሰው ነበር። ኢተያ ስንደርስ ግራና ቀኙ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኩሉምሳ የግብርና ምርምር ማዕከል መጣ፤ የስንዴ ዝርያዎች በየመደቡ ተዘርተው አንዱ ቀላ፣ ሌላው ነጣ፣ ሦስተኛው ጠቆር ያለ ቢጫ ይዞ ቆሟል። አሰላን አልፈን ወደ ሳጉሬና በቆጂ ስናቀና ግን እሸት ያልለቀቀ ማሳ ገጠመን፤ ከሥሩ አረንጓዴ፣ ጫፉ ላይ ብቻ ቢጫ ጀማምሮታል።

መኪናው መስኮት ላይ ተለጥፌ የቀረሁት ያኔ ነው። ወሩ አንድ፣ ሰብሉም አንድ ነው፤ ታች ያለቀው ነገር መሐል ላይ ደርሷል፣ ላይ ደግሞ ገና ይጠበቃል። ምክንያቱ ብርዱ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፣ አየሩ በቀዘቀዘ ቁጥርም ሰብሉ እየዘገየ ይደርሳል። ስለዚህ የአርሲ ተዳፋት ጊዜን ከታች ወደ ላይ ደርድሮ ያሳያል። ትናንትን፣ ዛሬንና ነገን በአንድ እይታ የሚሰጥ መልክዓ ምድር ከዚህ በፊት አላየሁም።

አሰላ ቤርጎ ይዤ ሥራ ጀመርኩ። ሸራዎቹን ጠበብና ረዘም አድርጌ ወጠርኳቸው፤ ቁመታቸው 180፣ ወርዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር። ዳገቱ እንዲህ ያለ ቁመት ይጠይቃል። ጠዋት ጠዋት ከከተማው ዳር ቆሜ ወደ ምዕራብ ስመለከት ስምጥ ሸለቆው ተዘርግቶ፣ የዝዋይ ሐይቅ ከሩቅ ያብለጨልጫል። ወደ ምሥራቅ ስዞር ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጭላሎ አለ። አሰላ ባለችበት ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ከሸለቆው አቧራ በላይ ስለሆንንም ብርሃኑ ጥርት ይላል። የነዶው ጥላ ጥቁር መስሎ ይታይ እንጂ ጠጋ ብለው ሲያዩት ሰማያዊ ነው፤ ፀሐይ ያልነካውን ቦታ የሚያበራው ሰማዩ ነውና። ለስንዴው ቢጫ ኦከር፣ ለጥላው ሐምራዊ ጠብታ የገባበት ሰማያዊ ተጠቀምኩ።

ወደ ጭላሎ ስወጣ እርሻው አለቀ። ጥድና ኮሶ ተተኩ፤ ከዚያ በላይ አስታው፣ ከአስታውም በላይ ጅብራው። ጭላሎ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አካል ነው፤ ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የማይኖረው የደጋ አጋዘን መኖሪያም ነው። የአስታውን ጭጋጋም አረንጓዴ ከቱቦ የወጣ አረንጓዴ አይሰጠውም። ቢጫን ከጥቁር ጋር ስደባልቅ ግን መጣልኝ፤ ደስታዬን የምነግረው ሰው ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ።

ለዳኞች ሥራ የሚያቀርብ ሠዓሊ አንድ ፈተና አለበት። ማመልከቻው የሚጠይቀው ቀላል ነው፤ የቅርብ ዓመታት ሥራ፣ ጥሩ ፎቶ፣ ርእስ፣ መጠን፣ የተሠራበት ቁስ፣ አጭር መግለጫ። ከባዱ ግን ማንም ያልጠየቀው ነው፤ «ዳኞቹ ምን ይወዳሉ?» የሚለው ሐሳብ። የታላላቆቻችን ታሪክ ለዚህ መልስ አለው። እስክንድር ቦጎሲያን የክታብ ጥቅልሎቻችንን ይዞ ፓሪስ ውስጥ ሠራ፤ ለማ ጉያ በፍየል ቆዳ ላይ ሣሉ፤ ዘሪሁን የትምጌታ በቀርከሃ ስንጥር ላይ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር ቢየናሌ ተሸለሙ። ገብረክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ረቂቅ ሥዕል ይዞ ሲመጣ ብዙ ሙግት ገጠመው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ግን የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጠው። በውጭም እንዲሁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1863 የፓሪስ ሳሎን ዐውደ ርእይ ዳኞች የሠዓሊውን የማኔን ሥዕል መለሱ፤ ዛሬ የሥዕል ታሪክ ያለ እርሱ አይጻፍም። ሁሉም የሠሩት አጥብቀው ያዩትን ነው። የዳኛን ልብ ከመገመት የስንዴን ቀለም ማጥናት ይሻላል፤ ግምት በዳኞቹ መቀያየር ይሻራል፣ የታየ ነገር ግን ሸራው ላይ ይኖራል።

አንድ ቀን ከኢተያ በላይ ማሳ ዳር ቆሜ ስሥል አንድ አዛውንት ገበሬ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ገብስ ቆሎ ዘገኑልኝ፤ ሥዕሉን ብዙ ሳያዩ ጣታቸውን ወደ መሐሉ ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይኼኛው ገና ነው። ሳምንት ይቀረዋል።»

«አባባ፣ በምን አወቁ?»

«በቀለሙ ነዋ! አንገቱ ላይ አረንጓዴ አለበት።»

ወደ ማሳው ወስደው ዛላ ቀጠፉ፣ በመዳፋቸው አሽተው ፍሬውን በጥርሳቸው ነከሱት። ቀጭ አላለም። በሥዕሉ ያነበቡት ማሳው ላይም እውነት ነበር። ከዚህ የበለጠ ግምገማ ከየትኛው ዳኛ አገኛለሁ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ቢጫን ከቢጫ ሲለዩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በዚያ ልዩነት ላይ የዓመት ቀለባቸው ቆሟል።

ሥራዎቹን በረንዳ ጥላ ሥር፣ ለስላሳ በሆነው የጠዋት ብርሃን ፎቶ አንሥቼ ለዳኞቹ ላክሁ። እንዲመረጡልኝ ከልቤ እመኛለሁ። ቢመረጡም ባይመረጡም ግን አሰላ ላይ አሳያቸዋለሁ፤ ከኢተያም ከሳጉሬም ገበሬዎች መጥተው ያዩአቸዋል። ስንዴን ከሩቅ አይቶ የሚታጨድበትን ቀን በሚናገር ሕዝብ ፊት ያልቆመ የአርሲ ሥዕል፣ የትም ቢሰቀል ፈተናውን ገና አልጨረሰም።